የሽንኩርት ቀለበት ጥብስ፦ ሊጡ እንዳይንሸራተት፣ ኩርሽም እንዳለ እንዲቆይ፣ ማጥቀሻውም እንዲጥም

ጥያቄ አብዢ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ከዋናው ምግብ በፊት የማቀርበው መቆያ ፈልጌ የሽንኩርት ቀለበት ላይ ወስኛለሁ። ቀይ ሽንኩርት በክብ በክቡ ተቆርጦ፣ ሊጥ ለብሶ፣ በብዙ ዘይት የሚጠበሰውን ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ ሠሪዋም አቅራቢዋም እኔው ስለሆንኩ ቀለል ያለ ነገር እፈልጋለሁ። ጣዕሙን ወድጄዋለሁ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ሲገመጥ ሽንኩርቱ እንዳለ ተስቦ ይወጣና ባዶው ቅርፊት እጅ ላይ ይቀራል። ደግሞ ከዘይት ሲወጣ ኩርሽም የሚለው ነገር ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ይላሽቃል። ማጥቀሻውም ቢሆን ከኬቻፕ ሻል ያለ ነገር ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።

የምጠቀመው የስንዴ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተትና ጨው ነው። ቴርሞሜትር የለኝም፤ የዘይቱን ሙቀት በግምት ነው የማየው። ምን ላስተካክል?

ቀዳዳ ጭልፋ

እህቴ፣ ሊጡን ከመቀየርሽ በፊት ሽንኩርቱን እዪው። አንድ ቀለበት አንሺና የውስጥ ጎኑን በጥፍርሽ ጫር አድርጊ። ስስ፣ ብርሃን የምታሳልፍ፣ እርጥብና የምታንሸራትት ሽፋን ታገኛለሽ። በየንብርብሩ መካከል አለች። ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው። ሊጥ እሷ ላይ አጥብቆ አይዝም። ዘይት ውስጥ ሽንኩርቱ ሲኮማተር ደግሞ ትላቀቅና ሊጡን ይዛው ትሄዳለች። በዚያ ላይ ጠንካራ ስለሆነች ጥርስ ቶሎ አይቆርጣትም። ሽንኩርቱ እንዳለ የሚሳበው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መላጥ አለባት። በጥሬው መላጥ ትዕግስት ይጨርሳል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አወፍሬ በክብ እቆርጣለሁ። ቀለበቶቹን አለያይቼ በላስቲክ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ። ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተመቸኝም ሌሊቱን በሙሉ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቀልጣቸዋለሁ። ያን ጊዜ ሽፋኗ በሁለት ጣት ስትያዝ ሙሉ ክቧን ጠብቃ ትወጣለች። ሽንኩርቱም ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሥጋውን ስለሚሰባብረው ለስለስ ይላል፣ በአንድ ንክሻ ይቆረጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከቀለጠ በኋላ ብዙ ውሃ ይተፋል። በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ጫን ጫን እያደረግሽ፣ ጨርቁ መርጠቡን እስኪያቆም አድርቂው። ከዚያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ አገላብጪው፣ ትርፉን አራግፊው፣ ከዚያ በኋላ ነው ሊጥ ውስጥ የሚገባው። ይህቺ ደረቅ ዱቄት የቀረችውን እርጥበት ትመጥና ሊጡ የሚይዝበት ሻካራ ገጽ ትፈጥርለታለች። ብዙ ሰው እሷን ይዘላትና ሊጡን ይወቅሳል።

የምሽት ፈረቃ

የፍሪዘሩን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁ። አመሰግናለሁ!

ሳይንስ በድስት

የመላሸቁን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

ሽንኩርት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው። ዘይት ውስጥ ስትጥዪው ያ ውሃ ይፈላና በእንፋሎት መልክ በሊጡ በኩል ይወጣል። የምታዪው አረፋ እሱ ነው። እንፋሎቱ እየወጣ እስካለ ድረስ ዘይቱን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ብዙ ዘይት አይገባም። ሊጡም ውሃውን እያጣ ይደርቃል፣ ኩርሽም ማለት ይጀምራል። ጥሩ።

ጣጣው የሚመጣው ከዘይት ከወጣ በኋላ ነው። ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ እንፋሎት መላኩን አያቆምም። ሳህን ላይ ደራርበሽ ከከመርሽው ወይም ከላይ ከከደንሽው እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ተመልሶ ቅርፊቱን ያርሰዋል። በዚህ ላይ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው የእንፋሎት ግፊት ይወርድና ገጹ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስባል። ጥብስ አብዛኛውን ዘይት የሚጠጣው ድስት ውስጥ እያለ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። ለዚህ ነው እንዳወጣሽው ድስቱ ላይ እንዳለሽ ደህና አድርገሽ ማራገፍ ያለብሽ።

ከዚያ ሶፍት ላይ ሳይሆን ሽቦ ላይ አድርጊው። የኦቭን ሽቦ፣ የኬክ ማቀዝቀዣ ሽቦ፣ ያለው ይሁን። ከሥሩ አየር ማለፍ አለበት። ሶፍት ዘይቱን ይመጣል፣ ግን የታችኛውን ጎን በራሱ እንፋሎት ያስቀቅለዋል። ሶፍት ብቻ ካለሽ ለአንድ አፍታ አሳርፈሽው ወዲያው አንሺው።

ጨው ደግሞ እንደወጣ ነስንሺበት፣ ገጹ ላይ ትንሽ ዘይት ሳለ። ከደረቀ በኋላ ጨው አይዝም፤ ሳህኑ ሥር ታገኚዋለሽ።

እናት ነኝ

ልጄ፣ ቴርሞሜትር የለኝም ያልሽው አያሳስብሽ። ያለ እሱም ዘይት ይታወቃል።

ከሊጡ አንድ ጠብታ ጣል አድርጊ። ወደ ታች ወርዳ እዚያው ከቀረች ዘይቱ ገና ነው። ትንሽ ሰጠም ብላ ወዲያው እየተንጨረጨረች ወደ ላይ ከመጣች ደርሷል። ሳትሰጥም ላይ ላዩን ሆና ወዲያው ከጠቆረች አልፎበታል፤ እሳቱን ቀንሺና ጠብቂ። የእንጨት ማንኪያ እጀታም ይነግርሻል። ደረቅ እጀታ ስትነክሪ ዙሪያውን በደንብ አረፋ ካወጣ ጥሩ ነው።

ቀለበቶቹን ደግሞ አታጭቂ። አምስት ስድስት ብቻ። ብዙ ስትጨምሪ ዘይቱ ይበርዳል፣ ሊጡም ከመድረቁ በፊት ዘይት ይጠጣል። በየዙሩ መካከል ዘይቱ እስኪመለስ ትንሽ ታገሺ። የሚንሳፈፈውን የሊጥ ፍርፋሪ በጭልፋ እየለቀምሽ አውጪ። እሱ ካረረ ቀጣዩን ሁሉ ያመራል።

ድስቱን ከግማሽ በላይ ዘይት እንዳትሞዪ። እርጥብ ነገር ሲገባ ዘይት ይነሳል፣ ይገነፍላል። ቀለበቱንም ከላይ አትወርውሪ። ወደ ዘይቱ ጠጋ አድርገሽ፣ ከራስሽ ወደ ውጭ አቅጣጫ ቀስ ብለሽ ልቀቂው።

ሳይንስ በድስት

እትዬ፣ ያሉት ልክ ነው። ቴርሞሜትር ላላችሁ ሰዎች በቁጥር ልጨምርበት። ከ180 እስከ 185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው። ሽንኩርቱ ሲገባ ወደ 170 ይወርዳል፤ ከዚያ በታች እንዳይሄድ መጠበቅ ነው። የሚመረጠው ጭስ ሳያወጣ ብዙ ሙቀት የሚችል የተጣራ ዘይት ነው። የሱፍ ዘይት፣ የኦቾሎኒ ዘይት ይሆናል። ያልተጣራ የወይራ ዘይት ለዚህ አይመከርም።

ጥያቄ አብዢ

በጣም ነው የማመሰግነው። ቀዳዳ ጭልፋ፣ የሊጥሽን ልክ ብትነግሪኝ? የእኔ ወፍራምና ዳቦ ዳቦ የሚል ነው የሚሆነው።

ቀዳዳ ጭልፋ

ዳቦ ዳቦ የሚለው ከእንቁላሉና ከወተቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ከመምታት ነው። የስንዴ ዱቄት ከውሃ ጋር በተመታ ቁጥር ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ ነገር ይፈጥራል። ግሉተን ለዳቦ ጸጋ ነው፤ ለጥብስ ግን ቅርፊቱን የሚለጠጥና የሚያኝክ ያደርገዋል።

ለሁለት ትላልቅ ሽንኩርት የምጠቀመው ይሄን ነው። የስንዴ ዱቄት አንድ ኩባያ፣ በግራም 120 ገደማ። ኮርን ስታርች (የበቆሎ ስታርች) ግማሽ ኩባያ፣ 60 ግራም ገደማ። ቤኪንግ ፓውደር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ጨውም እንደዚያው። ከፈለግሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ ለቀለምም ለጣዕምም። ከዚያ ከፍሪጅ የወጣ ጋዝ ያለው ውሃ አንድ ኩባያ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር። ውሃውን በአንዴ አታፍሺው። ጥቂት አስቀሪና እያየሽ ጨምሪ፣ ዱቄት ከዱቄት ይለያያል።

ኮርን ስታርች ግሉተን የለውም። የስንዴውን ኃይል ያቀጥነዋል፣ ሲጠበስም ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ጋዙ ሙቀት ሲያገኝ አረፋ ሆኖ ሊጡን ያነሳሳዋል። ቅዝቃዜው ደግሞ ግሉተኑ ቶሎ እንዳይጠነክር ያዘገየዋል።

አደባለቁ ላይ ነው እጅ የሚታየው። በሹካ ብቻ፣ ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ድረስ። ትንንሽ ጓል ቢቀርበት ምንም አይደል፣ እንዲያውም ተዪው። ማንኪያ ነክረሽ ስታወጪ ጀርባውን ሸፍኖ በዝግታ የሚንጠባጠብ መሆን አለበት። የማንኪያው ብረት በሊጡ ውስጥ የሚታይ ከሆነ ቀጥኗል፣ ከማንኪያው አልወርድ ካለ ወፍሯል።

ሌላም አለ። ሊጡን አስቀድመሽ ሠርተሽ አታስቀምጪ። ዘይቱ ሊደርስ ሲል ነው የሚደባለቀው። ቆይቶ የተገኘ ሊጥ ጋዙም ይሄዳል፣ ግሉተኑም ይበረታል።

ቀለበቱ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይበቃዋል። ወርቃማ ሲሆን አውጪ። ከዘይት ከወጣ በኋላም ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል።

ፍርፋሪ ይሻላል

እኔ በዚህ አልስማማም። ፈሳሽ ሊጥ ቆንጆ የሚሆነው ጠባሹ አጠገብ ቆመህ ከበላኸው ነው። ለእንግዳ ከሆነ፣ ሳህን ላይ ሃያ ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ነው የሚያዋጣው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀለበቱን ዱቄት፣ ቀጥሎ የተመታ እንቁላል ወይም አሬራ፣ ቀጥሎ ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ። ፍርፋሪው ሻካራ ይሁን፤ የላመ ሲሆን ተጣብቆ አንድ ወጥ ልባስ ይሆናል። ሻካራው ግን በመካከሉ ክፍተት ስላለው እንፋሎቱ መውጫ ያገኛል፣ ለብዙ ጊዜም ኩርሽም እንዳለ ይቆያል። አሬራ ከሌለ አንድ ኩባያ ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምቆ አሥር ደቂቃ ማቆየት ነው። መርጋት ሲጀምር ደርሷል።

አንድ እጅ ለደረቁ፣ አንድ እጅ ለእርጥቡ ይሁን። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ጣታችሁ ነው ልባስ የሚለብሰው።

ቀዳዳ ጭልፋ

ስለ መቆየቱ እውነትህን ነው፣ አልከራከርም። እኔ ግን የሊጡን ስስ ቅርፊት እወዳለሁ። ፍርፋሪ ሲበዛ የሽንኩርቱ ጣፋጭነት ይሸፈናል። ሽንኩርት ሲበስል የሚያቃጥለው ነገር ይጠፋና ስኳሩ ይጎላል፤ የዚህ ጥብስ ሙሉ ጣዕም እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሳይንስ በድስት

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ሁለት ጊዜ መጥበስ። ጥያቄ አብዢ፣ ለእንግዳ ስለሆነ ለአንቺ በተለይ ይጠቅምሻል።

እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት በ160 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀለሙ ገና ገርጣ ብሎ ሳለ አውጪው። ሽቦ ላይ ዘርግተሽ ተዪው። ውስጡ ያለው ውሃ በእርጋታ ወደ ቅርፊቱ ይወጣል። እንግዶቹ ሲቀመጡ ዘይቱን ወደ 190 አድርሰሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል መልሰሽ ጥበሺው። ያ የወጣው ውሃ በኃይል ይተንና ቅርፊቱ ደረቅ፣ ጠንከር ያለ ይሆናል። በዚህ መንገድ ከእንግዳ ፊት ተሰውረሽ ረጅም ጊዜ ምድጃ ላይ አትቆሚም።

ሁሉንም በአንድ ላይ ማቅረብ ከፈለግሽ ደግሞ ኦቭኑን ወደ 95 ዲግሪ አድርገሽ የተጠበሰውን በሽቦ ላይ አቆዪው። ብቻ አትክደኚው።

ዓይኔን አቃጠለኝ

ትንሽ ከርዕሱ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። ብዙ ሽንኩርት በክብ ስቆርጥ እንባዬ ይወርዳል። ምን ታደርጋላችሁ?

ሳይንስ በድስት

ሽንኩርቱ ሲቆረጥ ሕዋሱ ይሰበርና ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩ ነገሮች ይገናኛሉ፤ ከእነሱ አስለቃሽ ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ጋዝ የሚሠራውን ኢንዛይም ለይተው አውጥተዋል። ከዚያ በፊት ጋዙ በራሱ ጊዜ የሚፈጠር ይመስል ነበር።

ለእኛ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ሽንኩርቱን ከመቁረጥህ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆየው፤ ቅዝቃዜ ኢንዛይሙንም ጋዙንም ያዘገየዋል። ቢላዋው በጣም የተሳለ ይሁን። የደነዘ ቢላዋ እየጨፈለቀ ብዙ ሕዋስ ይሰብራል። የሥሩንም ጫፍ መጨረሻ ላይ ቁረጠው።

ማጥቀሻ ወዳድ

ማጥቀሻው ተረስቶ ሊቀር ነው እንዴ? እኔ ለዚህ ስል ነው ሽንኩርት የምጠብሰው!

የተጠበሰ ነገር ሲበላ ስቡ ምላስ ላይ ይተኛል። ማጥቀሻ መሥራት ያለበት ሥራ ያንን ማጽዳት ነው። ስለዚህ ኮምጠጥ የሚል ነገር የግድ ያስፈልገዋል፤ ትንሽ የሚያቃጥል ነገር ደግሞ ያነቃዋል። ኬቻፕ ብቻውን ጣፋጭነቱ ይበዛል፣ ሽንኩርቱም ጣፋጭ ስለሆነ ቶሎ ይሰለቻል።

በብዙ ምግብ ቤቶች የምታገኚው ክሬም መልክ ያለው ሮዝማ ማጥቀሻ ቤትም በአምስት ደቂቃ ይሠራል። ግማሽ ኩባያ ማዮኔዝ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኬቻፕ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሆርስራዲሽ፣ ተፍቆ የሚዘጋጅ የሚያቃጥል ሥር ነው። ሆርስራዲሽ ካላገኘሽ ሰናፍጭ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ። ፓፕሪካ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዱቄት ቁንጥር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ደረቅ ኦሬጋኖ ቁንጥር፣ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። አደባልቀሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ወዲያው ከቀመስሽው ቅመሙ ለየብቻ ይሰማሻል። ሲቆይ ነው የሚዋሃደው። ጨውና ሎሚውን ከቆየ በኋላ ቅመሺና አስተካክዪ፣ በፊት አይደለም።

ማዮኔዝ የከበደሽ ከሆነ እርጎ አለልሽ። እርጎውን በጨርቅ አድርገሽ ወንፊት ላይ አንድ ሰዓት አጥልዪው። ውሃው ይወርድና ወፍሮ ይቀራል። በዚህ ላይ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ጨውና ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ናና። ለነጭ ሽንኩርቱ አንዲት ዘዴ አለችኝ። ከፍቀሽ ወይም ወቅጠሽ በቀጥታ እርጎው ውስጥ አትጨምሪው። መጀመሪያ ሎሚ ጭማቂው ውስጥ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ኮምጣጣው የጥሬ ነጭ ሽንኩርቱን ንዴት ያበርደዋል፣ መዓዛው ግን ይቀራል። ያለዚያ ማጥቀሻው በቆየ ቁጥር ነጭ ሽንኩርቱ እየበረታ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

የእንስሳ ተዋጽኦ ለማይበላ ሰው ጣሂና (የተፈጨ ሰሊጥ)፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀዝቃዛ ውሃ። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግሽ ምቺው። መጀመሪያ ይረጋል፣ ይጠጥራል፤ አትደንግጪ። ትንሽ ስትጨምሪበት ይለቅና ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ይሆናል።

ማዮኔዙን ራስሽ የምትሠሪ ከሆነ ጥሬ እንቁላል ስላለው በፓስቸራይዜሽን ያለፈ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በልኩ የሞቀ እንቁላል ተጠቀሚ። በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ እንግዳ ካለሽ።

እናት ነኝ

ጥሬ ሊጥም አትቅመሱ። ጥሬ ዱቄት ያልበሰለ ነገር ነው፣ ሆድ ሊያሳምም ይችላል። ጨው መብቃቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ቀለበት ጠብሳችሁ ቅመሱ።

አበባ ቆራጭ

ቀለበት ብቻ ለምን? ሙሉውን ሽንኩርት በአበባ መልክ ቆርጦ መጥበስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ ላይ የተጀመረው አውትባክ ስቴክሃውስ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት በዚህ ነው ይበልጥ የሚታወቀው። ማጥቀሻ ወዳድ የጻፈው ሮዝማ ማጥቀሻም የዚሁ ዓይነት ጥብስ የዘወትር ጓደኛ ነው።

አቆራረጡን ልንገራችሁ። ትልቅ፣ ጠንካራ፣ በተቻለ መጠን ክብ የሆነ ሽንኩርት ምረጡ። ከላይኛው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና ላጡት። ሥሩን አትንኩ፤ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው እሱ ነው። የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ጣውላ ላይ አስቀምጡ። አሁን ሥሩ ወደ ላይ ነው። ከሥሩ 1 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ቢላዋውን እስከ ጣውላው ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። በአራት ማዕዘን አራት ቁረጡ፣ በየመካከላቸው እንደገና፣ ከዚያም እንደገና፣ 16 እስኪሆን። ገልብጡና ቅጠሎቹን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። እምቢ ካለ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ራሱ ይፈነዳል።

ከዚያ በኋላ በየቅጠሉ መካከል ዱቄት ማስገባት ነው፣ ይሄ ነው ልፋቱ። በጣት፣ በማንኪያ፣ እንደተመቻችሁ። አራግፉ፣ እንቁላልና ወተት አፍስሱበት፣ አንጠባጥቡ፣ እንደገና ዱቄት። ጠብሱት በ180 አካባቢ፣ መጀመሪያ ቅጠሉ ወደ ታች፣ ከዚያ ገልብጡት። ለዚህ ጥልቅ ድስት ያስፈልጋል። ሽንኩርቱን በቀዳዳ ጭልፋ ደግፋችሁ አውርዱት እንጂ አትጣሉት። መሐሉን ካወጣችሁለት የማጥቀሻውን ጎድጓዳ ሳህን እዚያው ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ለዓይንም ያምራል።

የምሽት ፈረቃ

ብዙ ዘይት ማፍላት የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ። ኤር ፍራየር፣ በትኩስ አየር የሚጠብሰው ዕቃ፣ አይሆንም?

ፍርፋሪ ይሻላል

ይሆናል፣ ግን በፈሳሽ ሊጥ አይደለም። ሊጥ ቅርጹን የሚይዘው ትኩስ ዘይት በአንዴ ሲከበው ነው። ኤር ፍራየር ውስጥ ሳይደርቅ በሽቦው ቀዳዳ ይንጠባጠብና ቅርጫቱ ላይ ይጋገራል። ማጽዳቱ ራሱ ቅጣት ነው።

ዱቄት፣ እንቁላል፣ ፍርፋሪ አድርግ። ፍርፋሪውን አስቀድመህ በጥቂት ዘይት መጥበሻ ላይ አመስ አመስ አድርገው፣ ወርቃማ እስኪል። ኤር ፍራየር ቀለም የማውጣት አቅሙ ደከም ያለ ስለሆነ ቀለሙን ቀድመህ ትሰጠዋለህ። 200 ዲግሪ፣ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ፣ መሐል ላይ መገልበጥ። ቀለበቶቹ አይደራረቡ። እንደ ዘይቱ ጥብስ አይሆንም፣ ግን ደህና ነገር ነው።

እናት ነኝ

ዘይት የሚያስፈራው ልጅ ደግ አድርጎ ነው የፈራው። ሁላችሁም ይቺን ያዙ። ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውሃ እንዳታፈሱበት! ውሃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፉ፣ ድስቱን በክዳኑ ግጠሙት፣ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። ድስቱን ይዛችሁ ወደ ውጭ ለመሮጥ አትሞክሩ። ክዳኑ ከመጀመሪያውኑ አጠገባችሁ ይቀመጥ። የድስቱም እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፣ ልጆች እንዳይስቡት። ዘይት ጥዳችሁ ስልክ ለማንሳት እንኳ አትሂዱ።

ጥያቄ አብዢ

እንዳላችሁት ሠርቼ መጣሁ። የፍሪዘሩ ዘዴ ሥራውን ሠርቷል። ሽፋኗ ስትላጥ ማየት በራሱ ደስ ይላል፤ በጣቴ ይዤ ወደ ብርሃን ሳነሳት በውስጧ የጣቴ መስመር ይታየኝ ነበር። ሊጡ ከቀለበቱ አልተላቀቀም። ገመጥኩት፣ ንክሻው ባለበት ተቆረጠ። ሽቦ ላይ ያደረግኩትም እስከ መጨረሻው ኩርሽም እንዳለ ቆየ። በሁለት ዙር ነው የጠበስኩት።

ከማጥቀሻዎቹ የእርጎው ቀድሞ አለቀ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የተረፈውን ዘይት ምን ላድርገው? በሚቀጥለው የምትመጣ ጓደኛዬ ደግሞ ስንዴ አይስማማትም።

ቀዳዳ ጭልፋ

እሰይ! በጣም ደስ ብሎኛል።

ዘይቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተዪው። ከዚያ በስስ ጨርቅ ወይም በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልይና በጠርሙስ አድርገሽ ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጪ። ፍርፋሪ ካልቀረበት መልሶ ይጠቅማል። ሲጠቁር፣ ሲወፍር፣ ደስ የማይል ሽታ ሲያመጣ፣ ወይም ሳይግል ገና መጨስ ሲጀምር ያኔ በቃው። ማጠቢያው ላይ አታፍሺው፣ ቱቦ ይደፍናል። በሚከደን ዕቃ አድርገሽ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ።

ሳይንስ በድስት

ለጓደኛሽ የስንዴውን ዱቄት በሩዝ ዱቄት ተኪው። የሩዝ ዱቄት አንድ ኩባያ፣ ኮርን ስታርች ግማሽ ኩባያ፣ ሌላው እንዳለ። እንዲያውም ቅርፊቱ ከስንዴው የበለጠ ይሰባበራል። ግሉተን ስለሌለው ብዙ ተመታ ብለሽ አትጨነቂ። ግን ቶሎ ስለሚዘቅጥ ቀለበት ባስገባሽ ቁጥር አማስዪው። ውሃውንም በጥቂቱ እየጨመርሽ እዪው። መጀመሪያ የሚገባበት ደረቅ ዱቄትም የሩዝ ወይም ኮርን ስታርች ይሁን፤ ብዙ ሰው ሊጡን ቀይሮ እሷን ይረሳታል። ቤኪንግ ፓውደሩ ውስጥ የስንዴ ስታርች እንዳይኖር መያዣው ላይ አንብቢ።

ያጠለልሽውን ዘይት ለእሷ አትጠቀሚበት። የስንዴ ሊጥ የተጠበሰበት ስለሆነ ስንዴው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ለዚያ ቀን አዲስ ዘይት፣ በደንብ የታጠበ ድስትና ሽቦ። የእሷን ቀድመሽ ጥበሺ፣ የሌሎቹ ከዚያ በኋላ።